ከከሰል በተገኘ ገንዘብ መሣሪያ ልግዛ ወይ ላላችሁኝ ወጣቶች

ዛሬ ስለ ኖራም ስለ ማዳበሪያም አልጽፍም። የምጽፈው የራሴን አስተያየት ነው፤ ከወረዳም ከዞንም የመጣ መመሪያ አይደለም። የማይስማማ ካለ ሲያገኘኝ ይሞግተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን ማሰልጠኛ ማዕከሉ ግቢ ውስጥ የችግኝ ፕላስቲክ ላይ አፈር ስንሞላ አንድ ልጅ ወደ ጎን ጠራኝ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ በቆረሱለት አንድ ቃዳ መሬት ላይ ዲከረንስ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከመሀሉ ጤፍ አምርቶ፣ በሁለተኛው ሣር አጭዶ፣ አምስት ዓመት ጠብቆ ዘንድሮ አክስሎ ሸጧል። በሕይወቱ በእጁ የያዘው የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለሙያ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለጀማሪ የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ መሣሪያ የትኛው ነው? ክላሹ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ምንሽር ልያዝ ወይስ ትንሽ ተበድሬ ልጨምር?» አለኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አጠያየቁ የድንች ዘር የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው፤ ጉደኔ ይሻላል ወይስ በለጠ እንደማለት። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁትም፤ «እስቲ እናስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን እንደነሳኝ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እሱ ብቻ አይደለም። ከሰል የሸጠ፣ ድንች የሸጠ፣ መተከል ለሥራ ወርዶ ትንሽ ቋጥሮ የተመለሰ ስንቱ ወጣት መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው። እኛ ባለሙያዎች ደግሞ በመስመር ስለ መዝራት እያወራን ይህን ጉዳይ እንዳልሰማን እናልፈዋለን። እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ መሣሪያ የለም። ርካሽ የሚባለው ቆይቶ የሚያስከፍልህ ነው፤ ውድ የሚባለው ደግሞ ዛሬውኑ በሬህን የሚወስድ ነው።

ከርካሹ እንጀምር። ርካሽ ማለት አሮጌ ማለት ነው። አያቶቻችን የያዙት ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ፉዚ ግራ» የሚሉት ጠመንጃ ነው፤ ስሙ አገራችን ሲደርስ ውጅግራ ሆነ። ዓድዋ ላይ ውሏል፣ ክብር ይገባዋል። ግን አንድ ተኩሶ ሌላ የሚያጎርስ፣ ጥይቱ ራሱ ያለፈበት ዕቃ ነው። ቦታው ሙዚየም ነው፣ ካልሆነም የአባት ግድግዳ። ምንሽሩም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነው። ካንተ በፊት ስንት ሰው እንደያዘው፣ ስንት ክረምት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንደከረመ፣ የአፈሙዙ ውስጥ ምን ያህል ዝገት እንደበላው ሻጩም አያውቅም፤ ቢያውቅም አይነግርህም። ብረቱ የተበላ፣ ጥይቱ ያረጀ ጠመንጃ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፣ የብረት ጠባይ ነው። ያረጀ ማረሻ ሲሰበር ከድንጋይ ላይ ነው፤ ያረጀ ጠመንጃ ሲሰበር ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው።

ውዱ ክላሹ ነው። ዋጋውን በብር አልናገርም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል። በበሬ እንቁጠረው። የሚጠራልህ ዋጋ የጥንድ በሬ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ጥንድ በሬ ያለው ሰው ያርሳል፣ ያከራያል፣ ይቀናጃል፣ ሲያረጅበት አድልቦ ለበዓል ይሸጣል። በሬ የሚበላውን ሣር ከራስህ ማሳ ታጭዳለህ። ጠመንጃ የሚበላውን ጥይት ግን ከገበያ ነው የምትገዛው፣ ያውም ከተደበቀ ገበያ። አርሶ የማያበላህ፣ አርጅቶ የማይታረድ ነገር ነው የምትቀልበው።

ስለ ወረቀቱም እናውራ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ያስጠይቃል። ከደላላ ማታ የተገዛ መሣሪያ ምን ወረቀት ይኖረዋል? ቢሰረቅብህ ተሰረቅሁ ብለህ አታመለክትም። ሻጩ ቢያታልልህ አትከስም። ሌላ ቦታ ሰው የተገደለበት ሆኖ ቢገኝስ? «እኔ ከገበያ ነው የገዛሁት» ብትል ማን ይሰማሃል? በግ ስትገዛ እንኳ የሰው በግ እንዳይሆን «ከማን ነው? ምልክቱ ምንድን ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ እኮ። ሕጋዊ መንገድ እሄዳለሁ የምትል ካለህ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው፤ ብር ከመክፈልህ በፊት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ፈቃድ ይሰጠኝ እንደሆነና ያሰብከው ዓይነት መሣሪያ የሚመዘገብ መሆኑን ጠይቅ። ከፍሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አይወደውም።

ልጁን በነጋታው መልሼ አገኘሁትና «ለምንድን ነው የፈለግኸው?» አልኩት። «ዝንጀሮው ሰብላችንን ፈጀው፤ ሌባውም በዛ» አለኝ። ሦስተኛውን ምክንያት አልነገረኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ሰው እንዲያከብረው ነው። አላፈርኩበትም። እኔም በሱ ዕድሜ ጠመንጃ ያነገበ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ዞሬ አይ ነበር።

በዝንጀሮው እንጀምር፣ ይህ የሥራዬ ክፍል ነውና። ጫካ ዳር ያላችሁ የዝንጀሮንና የጦጣን ነገር እናንተው ታስተምሩኛላችሁ። ነገር ግን የክላሽ ጥይት ዝንጀሮው ጋ ሄዶ አይቆምም፤ ካልተመታ ነገር ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። እስቲ ከማሳህ ዳር ቁምና 2 ኪሎ ሜትር የት ድረስ እንደሆነ በዓይንህ ለካ። የጎረቤት መንደር፣ ትምህርት ቤት፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ ውኃ የሚቀዱ እናቶች አሉ። በሌላ አገር ገበሬ ለወፍና ለአሳማ የሚይዘው ጠመንጃ ሌላ ነው፤ ጥቃቅን እርሳስ የሚበትን፣ ከ40 ሜትር ካለፈ ኃይሉ የሚደክም ነው። እሱንም ቢሆን እንግሊዝ አገር ያለ ገበሬ ከፖሊስ የምስክር ወረቀት ሳያወጣ አይይዝም፤ ቤቱም ውስጥ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። እኛ ጋ ግን ለጦርነት የተሠራውን ይዘን ነው ጦጣ የምናባርረው። ደግሞም የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ሰብሌን በላ ማለት የፈለግሁትን ገደልሁ ለማለት አይበቃም።

ድንች የሚያጠፋው ጃርት ደግሞ በሌሊት ነው የሚመጣው። በጨለማ ማንን አይተህ ነው የምትተኩሰው? አንድ አባት «ጃርት ነው ብዬ የጎረቤቴን ውሻ ገደልሁ» ብለው አስቀውን ያውቃሉ፤ ሳቁ ሲያልፍ ግን ጎረቤታቸው ራሱ ቢሆን ኖሮ እያሉ ዝም አሉ። ለዚህ ሥራ የሚያዋጣው ድሮም የነበረው ነው። ከፍ ያለ ማማ፣ ወንጭፍ፣ ጥሩ ውሻ፣ የጅራፍ ጩኸት። ቡሄ ሲደርስ ልጆቻችን የሚያጮኹት ጅራፍ ከሩቅ ተኩስ ይመስላል፤ ጥይቱ ግን አያልቅም። ከማሳውና ከጫካው መካከል ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሩ፤ ዝንጀሮ ገላጣ መሬት ማቋረጥ አይወድም። ድንቹንና በቆሎውን ከጫካው አርቃችሁ፣ እንስሳ ብዙም የማይደፍረውን ወደ ዳር አድርጉ። ከሁሉ በላይ ጥበቃው በተራ ይሁን። አምስት ቤተሰብ ማሳቸው የተያያዘ ከሆነ በአምስት ቀን አንድ ቀን ነው የሚደርሳቸው። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ይተኛል፤ ዝንጀሮም ይህን ያውቃል።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገራችሁ። ስምም ቀበሌም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከጥቂት ዓመት በፊት የምከታተላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው ሞዴል አርሶ አደር ነበር፤ የመስክ ቀን ሲኖር ሰው የምወስደው እሱ ማሳ ላይ ነው። ድንቹን በመስመር፣ በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ከኔ በተሻለ ለክቶ ይተክላል። አንድ ዓመት ጥሩ ሸጠና «ዘንድሮ መሣሪያ ልይዝ ነው» አለኝ፤ ፊቱ እያበራ። እኔ ምን አልኩ? «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ስለ ዘር ድንች ማከማቻው ወሬ ቀጠልኩ። አዲስ ተመድቤ ነበር። ሰውየው ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ ምን አገባኝ አልኩ።

በክረምቱ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተነታረኩ። አንድ ትልም ገፋህ፣ አልገፋሁም። አንድ ትልም! ቢለካ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ከዚያ በፊትም ይነታረኩ ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ ድንጋይ ተክሎ ይለያያቸዋል። ያን ቀን በእጃቸው ዱላ ብቻ ቢኖር ኖሮ የአንዱ ራስ ይፈነከታል፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይሰፋል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ጠላ ተጠጥቶ ይታረቃሉ። በዱላና በጥይት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ዱላ ሽማግሌ እስኪደርስ ይቆይልሃል። ያን ቀን ግን ሽማግሌ አልደረሰም። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ወህኒ ወረደ።

እኔ ያየሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በማግሥቱ ክረምት ለማሳ ምዝገባ ስዞር ሁለቱም መሬት ጦም አድሮ አገኘሁት። የተጣሉበት ድንበር ጠፍቶ፣ የዚያኛውም የዚህኛውም አረም አንድ ላይ በቅሏል። የሟቹ ልጆች ደም ይመልሳሉ ተብሎ ተፈርቶ የታሳሪው ታላቅ ልጅ ከአገር ወጣ፤ ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትቶ። በሬዎቹ ለጠበቃና ለካሳ ተሸጡ። ያ ሁሉ የተለካ የድንች መደብ የበግ መዋያ ሆነ። ሚስቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ «ባለሙያ፣ የእኛን ማሳ ለማሳያ አትፈልገውም?» አለችኝ፤ ስትቀልድ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁትም። «እንኳን ደስ ያለህ» ያልኩትን ግን አልነገርኳትም።

ስለዚህ ልጁ «የትኛው ይሻለኛል» ሲለኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ እንኳን ደስ ያለህ ላለማለት ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

የሌባውን ነገር አቅልዬ አላየውም። ሌሊት ከብት ተነድቶ ሲሄድ ስልክ ደውለህ የሚደርስልህ ሰው የሌለበት ጎጥ እንዳለ አውቃለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የፖለቲካውን ነገር እኔ እዚህ አላወራም፣ ሥራዬም አይደለም። የማወራው ስለ አንድ ቤት ነው። ቤትህ ውስጥ መሣሪያ እንዳለ ደላላው ያውቃል፣ ሻጩ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፤ እንግዲህ ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። ሌባው በሬህን ሊወስድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ጠመንጃህን ነው፤ ከበሬው ይበልጥ ይሸጥለታላ! አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ አምስት ሆነው ከመጡበት አንዱ መሣሪያ ምን ያደርግለታል? በዚህ ጊዜ ደግሞ መሣሪያ ያለው ሰው በሁሉም ወገን ይፈለጋል። አንዱ «አምጣ» ይለዋል፣ ሌላው «ለምን ያዝክ» ይለዋል። ጥንድ በሬ ያለውን ሰው ማንም እንዲህ አይለውም።

ሌባን የሚከለክለው በር ነው፣ ውሻ ነው፣ ጎረቤት ነው። በረትህን ከቤትህ አስጠግተህ ሥራ፤ መግቢያው ሌሊት በሰንሰለት ይታሰር። ከብቱን የምታውቅበት ምልክት ይኑርህ፣ በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ገበያ ላይ ሲገኝ የኔ ነው ለማለት ይጠቅምሃል። አንዱ ሲጮህ ሌላው እንዲወጣ በጎጣችሁ አስቀድማችሁ ተማማሉ። ይህን ጎጥ አድርጎት አይቻለሁ፤ ባትሪና ፊሽካ ብቻ ይዘው።

ወደ ሦስተኛው፣ ወዳልነገረኝ ምክንያት ልምጣ። ክብር ፈልጎ ነው። ወንድሜ፣ አንተ የአዊ ልጅ አይደለህም? ጥር 23 እንጅባራ ወጥተህ አላየህም? የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች እያሰበ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። በዚያ ቀን ሰው አንገቱን ሰግጎ የሚያየው ምንሽር የያዘውን አይደለም፤ በወጉ የተሸለመ ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ነው። ፈረስ ደግሞ ከበዓሉ በማግሥቱ ሥራ አለው። ጭነት ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ የታመመ ሰው ያደርሳል። ቢከፋህ ትሸጠዋለህ፣ በቀን፣ በአደባባይ፣ ሰው እያየ። ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ መኖም ይፈልጋል፣ ካልተንከባከብከው ይከሳል። ግን ክብር በገንዘብ ይገዛል ከተባለ እኛ አገር ክብር ኮርቻ ላይ ነው ያለው። (የኔ አባት ፈረሰኛ ስለሆነ አድልቼ ይሆናል፤ ይቅርታ።)

ሠርግ ላይ መተኮሱንም ክብር የሚል አለ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚወርድበትን ሰው አይመርጥም። የሙሽራ አጃቢ ሆነህ እልል በል፣ ጨፍር፣ ጅራፍ አጩህ ብትፈልግ። ጥይቱ ይቅር።

እንግዲህ በገንዘቡ ምን ይደረግ? ልጁ ያለው ገንዘብ እንደገና ላይመጣ ይችላል፤ ይህን ደጋግሜ ነገርኩት። ዲከረንሱን በቅርብ ዓመታት በሽታ እየመታው፣ ሳይደርስ እየደረቀ እንዳስቸገረን ታውቃላችሁ። አባቱ ሦስት ጊዜ ያከሰሉትን እሱ አንድ ጊዜ ብቻ አክስሎ ሊቀር ይችላል። የመጨረሻው ከሰል ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ ብረት አድርገህ ግድግዳ ላይ አትሰቅለውም።

እኔ ያልኩት በግ ነው። የኛ አገር ዋሸራ በግ ሌላው ቦታ ተፈልጎ የሚወሰድ ዝርያ ነው። እናት በግ አምስት ወር ነው የምታረግዘው፤ በደንብ ከተያዘች በ2 ዓመት 3 ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። 5 እናት በግ ገዛህ እንበል፣ እያንዳንዷ በየጊዜው አንድ አንድ ብትወልድ በ2 ዓመት 15 ግልገል ነው። ክፉ ክፉውን እናስብ፣ ሲሶው ቢሞት 10 ይቀርሃል፤ እናቶቹም አሉ። የትኛው ጠመንጃ ነው ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ ከርሞ አሥር የሆነው? የተረፈውን ብር ድንች ላይ አውለው። ለአንድ ቃዳ 5 ኩንታል ያህል ንጹሕ ዘር ይበቃል። ዘሩን ከታመነ ቦታ ከወሰድክና ዋጉን በጊዜ ከረጨህ፣ ከቃዳዋ 50 ኩንታል መጠበቅ ሕልም አይደለም። መሬቱ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራውን ቀድመህ አስብ፤ ናሙና አምጣልኝ፣ ለምርመራ እንልከዋለን።

አሁን ደግሞ መሣሪያ ቤታቸው ያለ አባቶችና ወንድሞች አሉ፤ የወረሱ፣ የተመዘገበ ያላቸው። ለነሱ «ጣሉት» ልላቸው አልችልም፣ ቢሉኝም አይሰሙኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ጥይት ጎርሶ ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ቤት ስትገቡ ካዝናው ይውጣ፤ የጎረሰችውም ጥይት መውጣቷን አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጋችሁ በዓይናችሁ እዩ። ካዝናው ወጣ ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሞተው «ባዶ ነው» በተባለ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው በአንድ ሳጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሳጥን ይቆለፍ፣ ቁልፉ ከናንተ ወገብ አይውጣ። ልጆች የት እንዳለ ያውቃሉ፤ አያውቁም ብላችሁ አትታለሉ። ጠላና አረቄ ወደሚጠጣበት ቤት ይዛችሁ አትሂዱ። ድንበር ለመለካት ስትወጡ፣ ከጎረቤት ጋር ነገር ያለ ቀን፣ ቤት ይቅር። ለዚያ ቀን የሚያስፈልገው ገመድና ሁለት ሽማግሌ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን ይዛችሁ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ብታመለክቱ መጥተው ይለካሉ። ቢዘገዩም ታገሡ፤ ለኔ ብትነግሩኝ እኔም እወተውታለሁ።

እናቶችና እህቶችም ይህን ጽሑፍ እንደምታነቡት አውቃለሁ፣ ወይም ልጅ ያነብላችኋል። ባል መሣሪያ ልግዛ ሲል በሬ ሲሸጥ የምታዩት እናንተ ናችሁ። በሬውም የጋራ ነው፣ ከሰሉም የጋራ ነው፤ ችግኙን ውኃ ያጠጣው ማን ሆነና? ተናገሩ።

ስለ ልጁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አሳመንኩት ብዬ አልዋሻችሁም። ከገንዘቡ ግማሹን «ለሌላ ነገር» ብሎ አስቀምጧል፤ ለምን እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። በግማሹ ግን ቅዳሜ ገበያ አብረን ወርደን በግ ልናይ ተቀጣጥረናል። አብሮን መውረድ የሚፈልግ ካለ ጠዋት ማዕከሉ በር ላይ እጠብቃለሁ። አፏን ከፍታችሁ ጥርሷን እዩ፤ 2 ወይም 4 ቋሚ ጥርስ ያወጣችውን ያዙ። ጡቷ እብጠትና ቁስል እንዳይኖረው ዳስሱ፣ ከኋላዋ ተቅማጥ የበከለው ጸጉር ያላት ከሆነች ተዉአት፣ እየሄደች እዩዋት፤ የምታነክሰውን አትግዙ። ቤት ስትገቡም ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሏቸው፤ ሁለት ሳምንት ለብቻ ይቆዩ፣ ክትባቱንና የውስጥ ጥገኛ መድኃኒቱን የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይሰጣል።